አሊዩ አምባ ስለሚለው ስም



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ስለ አሊዩ አምባ ስም ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

ከአንኮበር ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው ይህችን ከተማ ያገኛታል። ስሟ ከሁለት ወገን የተጋባ ነው። አምባ ማለት ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ የሆነ ተራራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «አሊዩ» ግን የሰው ስም ነው፤ ሥሩ ዐረብኛው «ዐሊ» ሲሆን፥ በይፋትና በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ የተለመደ ነው። እንግዲህ ሲፈታ «የአሊዩ አምባ» ይሆናል። ክርስቲያኑ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር 1813–1847) አንኮበር ላይ ሲገዙ፥ ከግርጌያቸው ያለው ትልቁ ገበያ የሚጠራው በዚሁ በሙስሊም ስም ነበር። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙልን።

ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። የሐረር ነጋዴዎች እዚያው ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ ከታጁራ የሚመጣውም ሲራራ ያርፍበት ነበር። ጨው፥ ቡናና ጨርቅ ይሸጥበታል፤ የሚያሳዝነው ባሪያም ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ ስሙ በአማርኛ፥ በሐረሪ፥ በአፋርኛና በዐረብኛ ተናጋሪ አፍ ሁሉ ተመላልሷል።

ወደ አጻጻፉ እንምጣ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 የመጣው ሻምበል ሐሪስ «አሊዮ አምባ» ብሎ በ«ኦ» ጻፈው። በ1842 የመጣው ሐኪሙ ጆንስተን ደግሞ በ«ኡ» ጨረሰው። ሁለቱም መጻሕፍት ለንደን ላይ በ1844 ታተሙ፤ አንዲት ከተማ በአንድ ዓመት ሁለት ስም አገኘች ማለት ነው! እኛስ ለማን እንመን? ሐሪስ የንጉሥ እንግዳ ነበር፤ ጆንስተን ግን በከተማዋ ታሞ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል፥ ከጎረቤቶቹም አፍ ሰምቷል። ስለዚህ ወደ ጆንስተን እናደላለን።

በፈረንጅ ብቻ አንፍረድ፤ እኛም «አሊዩ» እና «አልዩ» እያልን እንጽፋለን። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና «ዩ» መጥበቁን የሚያውቀው ስሙን ሲጠራ የሰማ ብቻ ነው። ያሁን ዘመን ተመራማሪዎች በላቲን ሲጽፉ ያንኑ ፊደል ደግመው የሚያኖሩት ለዚህ ነው።

ይፋትም ራሱ እንዲሁ ነው። በ1349 የሞተው ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ «አውፋት» ይለዋል፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል «ኢፋት» ይላል፤ እኛ «ይፋት» እንላለን።

ስለዚህ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በአሮጌ መጽሐፍ ማውጫ ውስጥ አሊዩ አምባን ፈልጋችሁ ብታጡ፥ መጽሐፉን ሳትከድኑ በ«ኦ»ም በ«ኡ»ም ፈልጉ።