ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ

የተከበሩ የኮሌጁ ዲን፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ የዛሬው ቀን ባለቤቶች ተመራቂዎች፤

ባሕር ዳር ለኤሌክትሪክ ሙያ እንግዳ አይደለችም። ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት ከሚሰጡት ሙያዎች አንዱ ኤሌክትሪክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ 11 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ውኃው ከዚሁ ከሐይቃችን ተነሥቶ በዋሻ ወደ በለስ ይወርዳል። በማመንጫዎቻችን እንኮራለን፤ ይገባናልም። እኔ የመጣሁት ግን ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ልናገር ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ስላለው ሽቦ።

ለረጅም ዓመታት የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ነበርሁ፤ ዛሬ ተቆጣጣሪ ነኝ። ብዙ ሰው ይህን ሽግግር መሰላል መውጣት የሰለቸው ሰው ዕረፍት አድርጎ ያየዋል። መሰላሉ ግን አልቀረልኝም። የተለወጠው ተጠሪነቴ ነው። ተቋራጭ ሳለሁ ተጠሪነቴ ለሚከፍለኝ ባለቤት ነበር። አሁን ስሜን እንኳ ለማያውቁ ሰዎች ነው፤ ቤቱን ነገ ለሚከራዩት፣ ግቢው ውስጥ ለሚሯሯጡት ልጆች።

የእንጀራ ምጣድን እናንሣ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ሽቦው ይህን ጭነት ይሸከማል። ለመብራት ከተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ከተቀጠለ፣ ወይም መጋጠሚያው ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ፣ ሙቀቱ ከልስኑ ሥር ይጠራቀማል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲያጠፋ ኤሌክትሪሻን ይጠራል፤ ኃላፊነት የማይሰማው ሠራተኛ ባለ 16 አምፔሩን ነቅሎ ባለ 32 ይተክላል። መብራቱ መጥፋቱን ይተዋል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። ከዚያ ወዲያ የሚነደው ሽቦው ራሱ ነው።

ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ይህን የሚያይ የለም። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መምጣት ያለበት ቀለም ተቀብቶ ቁልፍ ሲረከቡ ሳይሆን፣ ቱቦው ገና በግድግዳው ላይ ተጋልጦ፣ የጣሪያው ኮንክሪት ሳይሞላ ነው። የት የት ማየት እንዳለበት የሚያውቀውም በእጁ የሠራ ሰው ነው። ሠራተኛ ለቅዳሜ ክፍያ ሲጣደፍ የትኛው መገናኛ ሳጥን እንደሚዘለል፣ የመሬት ሽቦው ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሚቀር በንድፉ ላይ አይጻፍም።

በጣና ዳር ደግሞ የራሳችን ፈተና አለን። በብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ እሳተ ገሞራ የጣለው ጥቁር ዐለት አለ። የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት ዘንግ ግማሽ ሜትር ገብቶ እምቢ ሲል ቀሪውን በመጋዝ ቆርጦ አፈር መመለስ ቀላል ነው። ከላይ ለሚያየው በደንብ ከተቀበረው አይለይም፤ የሚለየው መለኪያው ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ፣ አፈሩ በዝናብ ረስርሶ የተለካ መልካም ቁጥርም መጋቢት ላይ ላይገኝ ይችላል። በሐይቁ ዳር በኤሌክትሪክ ፓምፕ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ የሞተሩን ብረት ሲነካ ሕይወቱ በዚያ ዘንግ ላይ ናት። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ የሚያጠፋ ብሬከር እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ዋጋው ይወደዳል ይሉኛል፤ ይወደዳል፤ ቢሆንም አላልፍም።

ሕጉ አለን። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ ያለ ብቃት ማረጋገጫ እንዳይሠራ ይደነግጋል። የሕንፃ ኮዳችን 10ኛ ክፍልም የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ተቆጣጣሪ ልሁን ስትሉ ሳይሆን፣ የመጀመሪያዋን ቱቦ ስትቀብሩ አንብቡት።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የከበደኝ የወዳጅ ሥራ ሲቀርብ ነው። አብሮኝ ሽቦ የጎተተ ሰው «አንተማ ታውቀናለህ» ይለኛል። አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀውም ሌላ ተቆጣጣሪ እንዲያየው አስተላልፋለሁ። የማላውቀውን ሰው ሥራ ስመልስም «አልጸደቀም» ብዬ አልተውም። የትኛው ክፍል፣ የትኛው መስመር፣ ስንት ተለካ፣ ስንት መሆን ነበረበት የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ። ምክንያቱ ካልተጻፈ ሠራተኛው የሚያርመውን አያውቅም፤ እጅ መንሻ የተጠየቀም ይመስለዋል።

ለኮሌጁ አንድ ልመና አለኝ፤ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ተቋራጭ ሲላኩ ጥቂት ሳምንት ከተቆጣጣሪም ጋር ይዋሉ። እዚህ ያላችሁ ተቋራጮች፣ ልስን ሳትጀምሩ ደውሉልን። ተመራቂዎች ሆይ፣ ቱቦ ለመቅበር የሚቀጥራችሁ ስታገኙ አትናቁት፤ ወደ ቁጥጥር የሚያደርሰው መንገድ በዚያ በኩል ነው። የመሬት መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚሻ ካለ ከዚህ ፕሮግራም በኋላ ያነጋግረኝ፤ በሥራ ቀን አብረን እንወጣለን።