የነፍሰ ጡሯም ልብ ይደመጥ



ነፍሰ ጡር ወደ እኛ ስትመጣ ክብደቷን እንመዝናለን፤ የደም ግፊቷን እንለካለን፤ የፅንሱን የልብ ትርታ እናዳምጣለን። የእርሷንስ ልብ ማን ያዳምጣል?

በቡታጅራ 1065 ሴቶችን ተከታትሎ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በእርግዝናቸው ጊዜ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት በነበረባቸው ዘንድ የምጥ መራዘምና ጡት ማጥባት የመጀመር መዘግየት ይበልጥ መታየቱን ገልጿል። እንግዲህ ጭንቀቷ ከአዋላጅ ሥራ ውጭ አይደለም።

ባሏ ወይም አማቷ ባሉበት «ደህና ነኝ» ብትል፣ በዚህ ብቻ ልንረካ አይገባም። ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን አስቀምጠን፣ «እህቴ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሕይወትሽን የጠላሽበት ጊዜስ አለን?» ብለን እንጠይቃት። ሳንቸኩል እንስማት፤ ምሥጢሯን እንጠብቅላት። ራሷን ለመጉዳት ካሰበች ግን፣ ለብቻዋ ሳንተዋት በዚያው ዕለት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት እናድርሳት።