ፕሮግራምን በትእዛዝ መስመር ወደ ማይክሮኮንትሮለር ስለ መጫን



ለጥገና ከመቱ ወደ ዳሪሙ የሚወጣ መሐንዲስ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ አይሄድም። የሚጠገነው ሰሌዳ አርዱይኖ ኡኖ ከሆነ ግን ላፕቶፕና የዩኤስቢ ገመድ ይበቁታል፤ ኮምፓይል የተደረገው የሄክስ ፋይል አስቀድሞ በእጁ ካለ ኢንተርኔትም አያሻውም።

አቪአርዱድ የተባለው ፕሮግራም የሚጠይቀው የቺፑን ዓይነት፣ የአጫጫኑን ስልት፣ ወደቡን፣ ፍጥነቱንና የፋይሉን ስም ነው። ትእዛዙ ሲሰጥ ሰሌዳው እንደገና ይነሣል፤ በቺፑ ውስጥ ያለው ቡትሎደርም ለአጭር ጊዜ ጥሪ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት ካልተግባቡ «አልተመሳሰለም» የሚል መልእክት ይወጣል። ደኅናው ሰሌዳ «ተቃጥሏል» ተብሎ የሚፈረድበት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ኡኖ በ115,200 ሲነጋገር የቀድሞው የናኖ ቡትሎደር በ57,600 ይነጋገራል። ሁለቱም አትሜጋ 328ፒ የተባለውን ቺፕ ስለሚይዙ ፍጥነቱን ማሳሳት ቀላል ነው። ከፍርዱ በፊት ፍጥነቱንና ወደቡን መመርመር ይገባል።

አቪአርዱድ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። ይህን ለጥቂት ሰከንድ ሲል የሚዘል ሰው የዳሪሙን መንገድ ሁለት ጊዜ ሊመላለስበት ይችላል። ቡትሎደሩ ራሱ ከጠፋ ግን የዩኤስቢው ገመድ ብቻውን አይመልሰውም፤ የአይኤስፒ ፕሮግራመር፣ ወይም ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ ሁለተኛ አርዱይኖ በቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት።