ወደ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሚወስደው ሌላው መንገድ
(ናይሮቢ በተከበረው የማኅበራችን ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ከልጆቻችን መካከል ሕክምና ጨርሶ «ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ግን አላገኘሁም» የሚል ቢኖር፣ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሌላ መንገድ መኖሩን እንድታውቁ እወዳለሁ።

ብዙዎቻችን ይህ ሙያ ለውበት ብቻ ይመስለናል። በእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ሥራው እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለውን ሕፃን ቆዳ መተካት፣ በጠባሳ የተኮማተረ እጅ መዘርጋት፣ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደውን መጠገን ነው።

መንገዱ የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በአጭሩ ኮሴክሳ፣ የሚሰጠው ፌሎሺፕ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሠረተ፤ ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ ነው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም አባል ናቸው። ካምፓስ የለውም። ሠልጣኙ ኮሌጁ ዕውቅና በሰጠው ሆስፒታል እየሠራ በአሠልጣኝ ሥር ይማራል። መጀመሪያ 2 ዓመት የቀዶ ሕክምና መሠረት ይይዛል፤ ፈተናውን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ዓመት በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይሠለጥናል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ፌሎሺፕ የሚሉት ከስፔሻሊቲ በኋላ የሚጨመረውን ሥልጠና ነው፤ እዚህ ግን ስፔሻሊስት የሚያሰኘው ማዕረግ ራሱ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ ባይኖርም የምዝገባና የፈተና ክፍያ አለ። ከዚያ የሚከብደው ደመወዝ የሚከፍል ሆስፒታል ማግኘት ነው፤ ለውጭ አገር ዜጋ ደግሞ የሥራ ፈቃድም አለ። ስለዚህ ልጃችን ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቅ፦ ሆስፒታሉ በዚህ ሙያ ለማሠልጠን ዕውቅና አለው? አሠልጣኙ እስከ መጨረሻው ይቆያል? በገዛ እጄ ስንት ቀዶ ሕክምና እሠራለሁ? የሠራው ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራልና፣ ቆሞ በማየት ብቻ የሚያልፍ ዓመት ለፈተናም ለበሽተኛም አይበጅም።

አንድ ነገር አይዘንጋ። ማዕረጉ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ ተቆጣጣሪ አካል ነው። ነገ አዲስ አበባ እገባለሁ ወይም ሌላ አገር እሻገራለሁ የሚል ልጅ፣ ማዕረጉ እዚያ ተቀባይነት እንዳለው ዛሬውኑ ያጣራ።

ወላጆች ሆይ፣ 5 ዓመት ረጅም ነው። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» እያልን አናጣድፈው። ማኅበራችንም ለሠርግና ለሐዘን እንደሚያዋጣ ሁሉ፣ ለፈተና ክፍያ ለሚቸገር ልጅም ቢያዋጣ፣ ያ ገንዘብ አንድ ቀን የአንድ ሕፃን እጅ ይዘረጋል።