አጵሎስን የተቀበለ ቤት



 የግቢ ጉባኤው ምረቃ አስተባባሪዎች ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከቤት ስንወጣ ዐሥር ይበቃሃል ብላኛለች። የምታዘዘው ለማን እንደሆነ ቤታችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የጠራችሁኝ ጅማ ላይ እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር በተማሪ መካከል ስለኖርነው ኑሮ እንድናገር ነው። ሰባኪ አይደለሁም። በግብርና ሙያ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ። ስለዚህ እንደኔው በሙያቸው ይኖሩ ከነበሩ ባልና ሚስት ልጀምር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ስለ አቂላና ስለ ጵርስቅላ ይነግረናል። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም ሲያስወጣ ተሰደው ቆሮንቶስ ገቡ፤ ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበር። በኋላ ኤፌሶን ሳሉ አጵሎስ የሚባል የእስክንድርያ ሰው መጣ። የተማረ ነው፤ አንደበቱም ርቱዕ ነው፤ ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ሲያስተምር ሰሙት። በጉባኤ ፊት ተነሥተው አላረሙትም። ይዘውት ሄዱና የጎደለውን አስረዱት። ከዚያ በኋላ አጵሎስ ወደ አካይያ ሄዶ የብዙዎች ረዳት ሆነ። በእነሱ ቤት ቤተ ክርስቲያን ትሰበሰብ እንደነበር ቅዱስ ጳውሎስ ጽፏል፤ ለሮም ሰዎች ሰላምታ ሲልክም ሚስቲቱን አስቀድሞ ጠርቷታል። ለምን እንደሆነ እኔ ሳልመራመር ይገባኛል። በራችን ሲንኳኳ ስንት እንጀራ እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

የታላላቆቻችሁም ታሪክ ከአዳራሽ አልጀመረም። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እስካረፉ ድረስ ዝዋይ ላይ በክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አስቀምጠው ያስተምሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ተማሪውን ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ሲያስገባው፣ እዚያው ሰፈር ውስጥ እየተሰበሰበ የሚጸልይ ወጣት ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ የየዩኒቨርሲቲውን ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ የሚያሰባስበው ማኅበረ ቅዱሳን በቤተ ክርስቲያናችን መዋቅር ሥር ተመሠረተ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። የጅማው ራሱ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ግቢው ሲሰፋ ምደባ ደግሞ የጎጃሙን ልጅ ጅማ፣ የጅማውን መቀሌ ይልከዋል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንድ ሻንጣ ይዟል፤ በከተማው አንድም ዘመድ የለውም።

ይህን ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው የግቢ ጉባኤ ኮርስ ይመስላችኋል። ኮርሱ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የፋሲካን ሌሊት አስቡት። ሁለት ወር ገደማ ጾሟል፤ ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባል። እሱ የት ይግባ? የዶርሙ በር ተዘግቷል፤ ካፌው ጠዋት ነው የሚከፍተው። ቤታችን ለተማሪ የተከፈተው በዚህ ጥያቄ ነው። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው፤ በመጀመሪያው ፋሲካ የመጡት ተማሪዎች ከብልቱ ይበልጡ ነበር። ባለቤቴ እንቁላል ጨመረች፤ መረቁንም አበዛችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትልቁን ብረት ድስት የምንዋሰው ከጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ በዓሉ ሲደርስ ሳንጠይቃቸው ድስቱን አጥበው ይልኩልናል።

ወጪው ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጤፍ ሲወደድ ቤታችንም ይቀንሳል። ሴት ልጃችን አልጋዋን ለእንግዳ እየለቀቀች ነው ያደገችው። ወንዱ አንድ ቀን "አባዬ፣ እኛም እንድታናግረን ዩኒቨርሲቲ እንግባ እንዴ?" አለኝ። መልስ የሰጠችው እናቱ ናት። ሐሙስ ማታ በሩ ለእኛ ብቻ እንዲሆን ወሰነች፤ እስከ ዛሬም ሐሙስ ማታ የሚያንኳኳ ተማሪ ሻይ ጠጥቶ ይሸኛል። አገልግሎት ነው እየተባለ የገዛ ልጆቹን የሚረሳ አባት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን አገልግሎት አልወደውም። በሌላ በኩል ልጆቻችን ፊዚክስ ያጠኑት ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጋር ነው፤ ያለ አንድ ሳንቲም።

ተማሪ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም። ገንዘብ ነው፤ ፍቅር ነው፤ ውጤት ነው። አንዲት ልጅ የሁለተኛ ዓመት ውጤቷ ወርዶ ከግቢ ተሰናበተች። መዘምራን መካከል ፊት የምትቆም ልጅ ስለነበረች እፍረቱ ከመባረሩ በለጠባት፤ ጉባኤውን ራሱን ሸሸች። የዶርም ጓደኛዋ እጇን ይዛ እኛ ቤት አመጣቻት። ባለቤቴ ስለ ውጤት አንድም ቃል አላነሣችም፤ ሽንኩርት እንድትከትፍላት ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ "እትዬ፣ ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው?" አለች። ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ። አባትየው ገበሬ ናቸው። ብዙ ዝም አሉና "ደኅና ናት ወይ?" ብቻ አሉኝ። የንስሐ አባቷ አጽናኗት፤ አገሯ ገባች። ወደ ጅማ አልተመለሰችም። በሌላ ኮሌጅ አካውንቲንግ ጨርሳ ዛሬ ሥራ ላይ ናት፤ በአጥቢያዋም ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በዲግሪው ሒሳብ ጅማ ያጣት ተማሪ ናት፤ በግቢ ጉባኤ ሒሳብ ግን አልጠፋችም።

በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች በፍርሃት ግቢ ለቀው ሲበተኑ ብዙ የምታስታውሱት ነገር አለ። ያን ሰሞን ቤታችን የገቡት ልጆች በቋንቋ አንድ አልነበሩም። አንድ ትሪ ላይ ሲቀመጡ የተጣላ አላየሁም። ይህን የምለው ችግሩ በትሪ ያልቃል ብዬ አይደለም፤ አላለቀም። አብሮ የበላ ሰው ግን ወሬ ሲመጣ ቆም ብሎ ይጠይቃል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አደራ ያላችሁት ለዩኒቨርሲቲው ነበር። በየሰበካው አደራውን ሳይጠሩ የተቀበሉ ቤቶች አሉ፤ ከእኛ የበለጡም አሉ፤ ስማቸውን መድረክ ላይ አትሰሙም። ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ልጃችሁን "የት ትበላ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ደጃቸውን ርገጡ።

ተመራቂዎች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እንደተመረቁት ሁሉ እናንተም የመውጫ ፈተናን አልፋችኋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ፍለጋ ነው፤ ከፈተናውም ሊረዝም ይችላል። ሥራ ስታገኙ፣ ቤት ስትመሠርቱ፣ ትልቅ ሳሎን እስክትሠሩ አትጠብቁ። አቂላና ጵርስቅላ ስደተኞች ነበሩ። በተመደባችሁበት ከተማ መጀመሪያ በአጥቢያችሁ ተመዝገቡ፤ የንስሐ አባት ያዙ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ያለውን ግቢ ጉባኤ ሂዱና "ለፋሲካ አገሩ የማይገባ ፍሬሽማን አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ተማሪ ይበቃችኋል። ትዳር የያዛችሁ ደግሞ ከመጋበዛችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተመካከሩ።