«በምን እግሩ ሄደ?»
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ጸሐፊያችን ስለ ኦቫሪ ካንሰር ተናገሪ ስትለኝ እሺ ያልኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። ሆዷ እየተነፋ፣ ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ጠገብኩ እያለች፣ ስድስት ወር የጨጓራ መድኃኒት ዋጠች። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ስትነሳ ሆዷ ውሃ ቋጥሯል፤ ካንሰሩም ሞራዋ ላይ ደርሷል። «ከማሕፀኔ አጠገብ የነበረው በምን እግሩ ሄደ?» አለችኝ። ነርስ ሆኜ መልስ አጣሁላት። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ልንገራችሁ።

ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሳት እያንዳንዳቸው አጽም አላቸው። አጥንት አይደለም፤ የፕሮቲን ክር ነው። የእድር ድንኳናችንን አስቡት፦ ይተከላል፣ ይነቀላል፣ ሌላ ግቢ ሄዶ ይተከላል። አክቲን የሚባለው ክር ከፊት እየተቀጠለ ሕዋሱን ይገፋል፤ ማዮሲን ደግሞ አክቲኑን ይዞ ይጎትታል። ጡንቻችንም የሚሠራው በእነዚሁ በሁለቱ ነው።

ጤነኛ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ሲነጠል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። የኦቫሪ ካንሰር ሕዋስ ግን ሆድ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ከመሰሎቹ ጋር እንደ አፈር ጓል ተያይዞ ይንሳፈፋል። ሞራ ላይ ማረፍ ይወዳል። (የበዓል በግ ያገላበጠች ሁሉ ሞራን ታውቃለች፤ የእኛም ያው ነው።) የሆድ ዕቃችንን ስስ የሕዋሳት ንጣፍ ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ እንዳሳዩት፣ ጓሉ በማዮሲን ጉልበት ንጣፉን እየጎተተ ቦታ ያስለቅቃል። ማዮሲኑ ሲታገድ ይህ አቅሙ ይዳከማል። አክስቴ እግር ያለችው ይህንን ነበር።

ታዲያ አክቲንን ለምን አናግደውም? ልባችንም የሚመታው በእሱ ስለሆነ ነው! ሐኪሞች የሚነኩት ሌላውን የአጽሙን ክፍል፣ ማይክሮቱቡል የሚባለውን ቱቦ መሰል ክር ነው። ፓክሊታክሰል መጀመሪያ ከዛፍ ልጣጭ የተገኘ መድኃኒት ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ለኦቫሪ ካንሰር ተፈቅዷል። ክሩ እንዳይፈታ ያደርገዋል። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮቹን እያፈረሰ መልሶ መሥራት አለበት፤ ካልቻለ ይሞታል። ነርቮቻችንም በእነዚሁ ክሮች ስለሚጠቀሙ እጅና እግር ይደነዝዛል። ኬሞቴራፒ ላይ ያላችሁ እህቶች፣ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ለጤነኛ ሴት ሁሉ የሚሆን አስተማማኝ ቅድመ ምርመራ ለዚህ በሽታ እስካሁን የለም። የማሕፀን በር ምርመራም ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ቶሎ ቶሎ መሽናት አዲስ ሆኖ ከመጣባችሁና ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ፣ ጨጓራ ነው ብትባሉም አልትራሳውንድ ጠይቁ።

የአልትራሳውንድ መክፈያ የሌላቸው አባላት አሉን። ከሕክምና ሣጥናችን ይከፈልላቸው የሚለውን ሐሳብ ዛሬ ለድምፅ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም ሣጥኑን እንድትሞሉልን እጠይቃለሁ።