የአንጎል ደም ቧንቧ እብጠት ከየት ይመጣል?
(በማኅበራችን የጤና ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በበዓል ሰሞን ስለ በሽታ መናገር ደስ እንደማይል እናውቃለን። ሆኖም «ራሴን አመመኝ ብሎ ነበር፤ ሳናስበው አረፈ» የሚል መርዶ ሰምተን፣ ለቅሶ ደርሰን፣ ምክንያቱን ሳንጠይቅ የምንመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ሞት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ በአንጎል ደም ቧንቧ ላይ የሚወጣ እብጠት ነው። ሐኪሞች አኒውሪዝም ይሉታል።

ከደብሊን ወደ ኦክላንድም ሆነ ወደ ሳን ሆዜ ስንሄድ የ580 እና የ680 አውራ ጎዳናዎችን መገንጠያ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መኪናው በሰላም ይፈሳል፤ ግርግሩ መገንጠያው ላይ ነው። የደም ጉዞም ይህን ይመስላል። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ አራት ታላላቅ ቧንቧዎች አሉ፤ ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ከኋላ በአንገት አጥንት በኩል ይወጣሉ። ከአንጎል ሥር ሲደርሱ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ይህ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ በገለጸው በእንግሊዛዊው ሐኪም በቶማስ ዊሊስ ስም ይጠራል። አብዛኛው እብጠት የሚወጣው በዚሁ ቀለበትና በአካባቢው፣ ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ወይም በሚጠመዘዝበት ቦታ ነው።

ለምን ቢባል፣ ደሙ መገንጠያው ላይ ሲደርስ በቀጥታ የሚመታው ሁለቱ ቅርንጫፎች የሚለያዩበትን ጫፍ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ያው ቦታ ይመታል፣ ይፋቃል። በአገራችንም ወንዝ ሲጠመዘዝ የሚናደው የውጭው ዳር እንደሆነ እናውቃለን። የአንጎል ቧንቧዎች ግድግዳ ደግሞ ከሌላው የሰውነት ክፍል ቧንቧዎች ይልቅ ስስ ነው። እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው የውስጥ ሽፋን ቀስ በቀስ ሲበጣጠስ ግድግዳው ይሳሳል፤ እንደ ትንሽ ፊኛም ይወጠራል።

የቧንቧ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዳንዱ ሰው ቀለበት በአንድ ወገን ከተፈጥሮው የቀጠነ ነው። ያን ጊዜ የሁለቱ ወገን ደም በሌላው በኩል ስለሚያልፍ ከፊት ባለው መገናኛ ላይ እብጠት በብዛት ይታያል። በ1978 የጃፓን ሐኪሞች ይህንኑ በአይጦች አሳይተዋል። በአንገት ያለውን አንዱን ቧንቧ አስረው፣ የደም ግፊቱን ከፍ አድርገው፣ ግድግዳውን የሚያዳክም ነገር ሲሰጧቸው በአንጎላቸው ቧንቧ ላይ እብጠት ወጣ።

እዚህ ላይ እንዳንደነግጥ። ከ100 አዋቂዎች በ3 ያህሉ እብጠቱ ሊገኝ ይችላል፤ አብዛኛው ግን ሳይፈነዳ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ትንሹን ሐኪሞች በየጊዜው በምርመራ ይከታተሉታል። ሕክምናውም ብዙ ርቀት ሄዷል። በ1937 አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ዳንዲ የእብጠቱን አንገት በብረት መቆንጠጫ ዘጋ። ከ1990 ጀምሮ፣ እዚሁ በካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ በጉሊየልሚ በተጀመረው ዘዴ፣ ራስ ቅል ሳይከፈት በቧንቧው ውስጥ ተገብቶ እብጠቱ በቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ይሞላል። በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌላው ዘዴ ደግሞ ወንፊት መሰል ቱቦ ቧንቧው ውስጥ አስቀምጦ የደሙን ጉዞ ከእብጠቱ ያርቃል። የደሙ ጉዞ ሲለወጥ እብጠቱ ይረጋል፤ ይዘጋልም። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን በ2006 ተጀምሯል።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ምንድነው? የቧንቧችንን ቅርጽ መለወጥ አንችልም። በውስጡ የሚሄደውን ደም ግፊት ግን መቀነስ እንችላለን። ግፊታችንን እንለካ፤ የታዘዘልንን መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብለን አናቋርጥ። ሲጋራ እናቁም፤ ግድግዳውን የሚጎዳ ዋና ጠላት ነውና።

ሁለተኛው ነገር ምስጢር ማብዛታችን ነው። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከሆኑት መካከል በሁለቱ ላይ ይህ እብጠት ከተገኘ የቀሩት ቤተሰቦች ስለ ምርመራ ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል። እኛ ግን አገር ቤት ስንደውል «በድንገት ነው» ተብለን ዝም እንላለን። ሐዘኑ ሲበርድ «በምን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለልጆቻችን ማሰብ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ድንገት መጥቶ በደቂቃ ውስጥ እጅግ የሚከብድ፣ በሕይወታችን አይተነው የማናውቀው ራስ ምታት ምች አይደለም። ዳማከሴ እየጨመቅን፣ በሻሽ አስረን ተኝተን የምናሳልፈው አይደለም። ማስመለስ፣ የአንገት መድረቅ፣ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም ራስን መሳት ሊጨመርበት ይችላል። ያን ጊዜ ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ፤ መኪናም አንንዳ። 911 እንደውል። እንግሊዝኛ ባይሆንልን «አማርኛ» ብለን አስተርጓሚ እንጠይቅ።

ማኅበራችን በእነዚህ 10 ዓመታት ለቅሶ ላይ እንዴት እንደምንደራረስ አሳይቶናል። ከእንግዲህ ደግሞ ለቅሶው ሳይመጣ በፊት እንደራረስ።